ሆምብሩ ጌምና አፕ እንዴት ይገመገማል? የፒኤስፒ ጥያቄና መልስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ሆምብሩ የሚባለው ከኩባንያ ሳይሆን ከግለሰብ እጅ የወጣ፣ በትርፍ ጊዜ የተሠራ ጌም ወይም አፕ ነው፤ እዚህ የምናወራው ፒኤስፒ ለሚባለው የሶኒ የእጅ ጌም ማሽን ስለተሠሩት ነው። («የቤት ሥራ» ብለን እንዳንተረጉመው ደብተር ያስታውሳል።) እየሞከራችሁ ግምገማ የምትጽፉ ልጆች የላካችኋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ተመሳሳዮቹ ተጠቃለዋል። «የተሰነጠቀ ጌም ከየት ላውርድ» የሚሉት ታልፈዋል።

ጥያቄ (ፒያሳ፣ ደሴ)፦ ሰላም ወንድሜ። በቴሌግራም የተላከልኝን ጌም ጫንኩና ስከፍተው ማስጀመር አልተቻለም ብሎ 80020148 ይጽፋል። «አይሠራም» ብዬ ልገምግመው?

መልስ፦ ቆይ፣ ገና ነህ። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለ ማሽንህ ነው። ፒኤስፒ የኩባንያው ፊርማ የሌለውን ፕሮግራም አያስነሳም፤ ይህን የሚያሳልፍልህ ከስተም ፈርምዌር (የተሻሻለ የማሽኑ ሲስተም) ነው። በሶኒ ሲስተም ስሪት 6.60 እና 6.61 ላይ የሚጫኑት ፕሮና ኤልኤምኢ የሚባሉት ከስተም ፈርምዌሮች ደግሞ በአብዛኛው ጊዜያዊ ናቸው። ማሽኑ እንቅልፍ ላይ እስካለ ይቆያሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ይሄዳሉ። ፕሮ ከሆነ ፋስት ሪከቨሪን፣ ኤልኤምኢ ከሆነ ላውንቸሩን አስነሳና ጌሙን ድገመው።

ከተነሳም በኋላ የፎልደሩን አቀማመጥ እይ። ሜሞሪ ካርዱ ላይ ፒኤስፒ የሚል ፎልደር፣ በእሱ ውስጥ ጌም የሚል፣ በዚያ ውስጥ የጌሙ የራሱ ፎልደር፣ በመጨረሻም ኢቡት.ፒቢፒ የሚለው ፋይል። ቴሌግራም ጉድ የሚሠራችሁ እዚህ ጋ ነው። አንድ ፋይል ሁለቴ ስታወርዱ ስልኩ ከስሙ ጎን በቅንፍ 1 ይጨምራል፤ ፒኤስፒው ደግሞ ያንን ስም አያውቀውም። ሌላው፣ ላኪው ኢቡቱን ብቻ ልኮ ምስልና ድምፅ ያለበትን ፎልደር ትቶት ይሆናል። ያኔ ጌሙ ይነሳና ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል፤ ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። በዚፕ ተጠቅልሎ ሙሉውን ያልመጣ ጌም ላይ ግምገማ አትጀምር።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ፒኤስፒ የለኝም። ስልኬ ላይ ፒኤስፒን በሚያስመስለው ፒፒኤስኤስፒፒ እየተጫወትኩ ብገመግም ነውር አለው?

መልስ፦ ነውር የለውም፤ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ «በስልክ ነው የሞከርኩት» ብለሽ ጻፊ። ፒፒኤስኤስፒፒ ከ2012 ጀምሮ ያለ ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ጥሩነቱ ግን ለገምጋሚ ወጥመድ ነው። የስልክሽ ማከማቻ ከፒኤስፒ ሜሞሪ እጅግ ይፈጥናል፤ እዚያ ሁለት ሰከንድ የወሰደ ሌቭል እውነተኛው ማሽን ላይ ሃያ ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ሌቭሎቹ አሠራር፣ ስለ ሜኑውና ስለ አማርኛው በልበ ሙሉነት ጻፊ። ስለ ፍጥነት፣ ስለ መጫኛ ጊዜ፣ ስለ ባትሪና ስለ እንቅልፍ ግን አንዲት ቃል አትበይ።

ጥያቄ (ሆጤ)፦ ከጓደኛዬ ጋር 1000 እና 3000 የሚባሉት የፒኤስፒ ሞዴሎች አሉን። የትኛው ላይ እንሞክር?

መልስ፦ መጀመሪያ 1000 ላይ። 1000 ያለው ራም (ጌሙ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማከማቻ) 32 ሜጋባይት ነው፤ ሲስተሙ የራሱን ከወሰደ በኋላ ለጌሙ የሚቀረው 24 አካባቢ ነው። ከ2000 ጀምሮ ያሉት 64 አላቸው። ሠሪው የሞከረው 3000 ላይ ብቻ ከሆነ፣ 1000 ላይ መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሲወድቅም «ወደቀ» ብቻ አትበሉ፤ አወዳደቁን ለዩት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ፣ እዚያ የሚጫነው ምስል ወይም ድምፅ ከራሙ በልጦ ሊሆን ይችላል። አንዴ በአምስተኛው፣ አንዴ በስምንተኛው ሌቭል ከሆነ ደግሞ ጌሙ የተጠቀመበትን ራም አይመልስ ይሆናል፤ እንደሚያፈስ ጀሪካን ቀስ በቀስ ያልቅበታል። ለማረጋገጥ አንዱን ሌቭል አሥር ጊዜ ግቡና ውጡ፣ በስንተኛው እንደወደቀ ጻፉ። ለሠሪው ከምስጋናው በላይ ይህች ቁጥር ትጠቅመዋለች።

ስክሪንም ያሳስታል። 1000 ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ኋላው ላይ ጥላ ይጎትታል፤ 3000 ላይ ፈጣን እንቅስቃሴ ሲኖር ቀጫጭን አግድም መስመር ይታያል። ሁለቱም የስክሪኑ ጠባይ ስለሆኑ በጌሙ አታመካኙ። ፒኤስፒ ጎ ያለው ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ጎ የራሱ 16 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፣ አድራሻውም ከሜሞሪው አድራሻ የተለየ ነው። ሠሪው የሜሞሪውን አድራሻ ኮዱ ውስጥ በቋሚነት ከጻፈው፣ በውስጠኛው ማከማቻ የተጫነው ጌም ፋይሎቹን ማግኘት ያቅተዋል።

ጥያቄ (ቧንቧ ውሃ)፦ ከመክፈት እስከ መጨረስ ምን ምን ልሞክር? ተጫውቼ ከመጻፍ ውጪ የማውቀው የለም።

መልስ፦ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለህ ተጫወት፣ ማንበቢያ ፋይሉን ሳትከፍት። የቱ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ካልገባህ ለሌላውም አይገባውም። ከዚያ ሆምን ተጫንና ውጣ በል። ብዙ ጀማሪ ሠሪዎች የመውጫውን ትእዛዝ የሚቀበል ኮድ ሳያስገቡ ይቀራሉ፤ ትወጣለህ ብትለው የሚሰማህ የለም፣ መፍትሔው ስዊቹን ይዞ ማጥፋት ብቻ ይሆናል። ማጥፋቱ ደግሞ ከስተም ፈርምዌሩን ይዞ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ጥፋት አይደለም፣ ከግምገማው አናት ላይ ይጻፍ።

ቀጥሎ እንቅልፍ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ የሚጫወት ሰው ሲወርድ ማሽኑን አያጠፋም፣ ስዊቹን አንዴ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ኪሱ ይከታል። አንተም እንዲሁ አድርግ፤ ሙዚቃ እየሰማህ አስተኛው፣ አንድ ደቂቃ ቆይተህ ቀስቅሰው። በእንቅልፍ ጊዜ ክፍት የነበረ ፋይል ብዙ ጊዜ ይቋረጣል፤ ሠሪው እንደገና ካልከፈተው ሙዚቃው ዝም ይላል ወይም የሚቀጥለው ሌቭል ሲጫን ስታክ ያደርጋል። ስለዚህ ከቀሰቀስከው በኋላ ቢያንስ አንድ ሌቭል ተሻገር።

በመጨረሻ ሴቭ። ሜሞሪውን በቪዲዮ ሞልተህ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ አስቀርና ሴቭ አድርግ። ጥሩ ጌም «ቦታ የለም» ይላል፤ መጥፎው «ተቀምጧል» ይልና አሮጌውን ሴቭ ባዶ ያደርገዋል። ከመሞከርህ በፊት የሴቭ ፎልደሩን ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ። የሜሞሪው ብርቱካናማ መብራት እያበራ ሜሞሪ መንቀል ግን ሙከራ አይደለም፣ ጥፋት ነው። ባትሪ የሌለውን ማሽን በቻርጀር ብቻ የምትጠቀሙም ይህን ፈተና ተዉት፤ መብራት በመሃል ከሄደ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ ሁለት ልጆች)፦ አንድ ልጅ በአማርኛ የጥያቄና መልስ ጌም ሠርቷል። አማርኛውን በምን እንለካው?

መልስ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከፒኤስፒ ጋር የመጡት ፎንቶች የአማርኛ ፊደል የላቸውም፤ ሠሪው ፊደሉን ሥሎ ወይም የራሱን ፎንት ይዞ መምጣት አለበት። ብዙዎች 33ቱን በ7 አባዝተው 231 ፊደል ያስገቡና ዲቃላዎቹን ይረሳሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ጽሑፉ ውስጥ «ቧንቧ ውሃ»፣ «ኳስ»፣ «ቋንቋ»፣ «ጓደኛ» የሚሉትን ፈልጉ። ቧ ከሌለችው የደሴው ሰፈር ሁለት ባዶ ሳጥን ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው መጠን ነው። ከድሮ ጌሞች የተወረሰው 8 በ8 ነጥብ ፊደል ለላቲን ይበቃል፣ ለእኛ አይበቃም። ነ ከኘ፣ ዘ ከዠ፣ ደ ከጀ የሚለየው ላዩ ላይ ባለች ትንሽ ምልክት ነው፤ በ8 ነጥብ ቁመት ምልክቷ ከፊደሉ ጋር ትጣበቅና «ዘመን»ና «ዠመን» አንድ ይሆናሉ። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ነው። ፊደሉ 16 በ16 ቢሆን በመስመር 30 ፊደል፣ በገጽ 17 መስመር ይገባል፤ ለጥያቄና መልስ ይበቃዋል። ስለዚህ «ቦታ አነሰኝ» ቢላችሁ አትቀበሉት።

ሦስተኛው የስም ማስገቢያው ነው፣ አሪፉ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 ስልት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሠሪው ለተጫዋች ስም 16 ባይት መድቦ እንበል። «ኮምቦልቻ» ብላችሁ ብትሞክሩ ስህተቱ አይታይም፦ 5 ፊደል፣ 15 ባይት፣ ከመዝጊያዋ ዜሮ (የስሙን ማብቂያ ከምታሳየው ባይት) ጋር 16፤ ልክክ ይላል። «አብዱልቃድር» ወይም «ወልደማርያም» ብላችሁ አስገቡ፤ 7 ፊደል ነው፣ 21 ባይት። ጠንቃቃ ሠሪ ከሆነ «አብዱልቃ» ላይ ይቆርጠዋል። ለመዝጊያዋ ዜሮ ቦታ ሳይተው 16ኛው ባይት ላይ ከቆረጠ ስድስተኛው ፊደል ከመሃሉ ይሰበርና መጨረሻው ላይ እንግዳ ምልክት ይወጣል። ጭራሽ ካልቆረጠ ደግሞ ትርፉ ጎረቤቱ ላይ ይጻፋል፤ ነጥባችሁ ሳትመልሱ ሚሊዮን ይገባል ወይም ጌሙ ይዘጋል። ከሦስቱ የቱ እንደሆነ ከነገባው ስም ጻፉለት፤ በአንድ ቀን ያስተካክለዋል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አፕስ? «ጸሀይ» ብዬ ስፈልግ የለም ይለኛል።

መልስ፦ ቃሉ «ፀሐይ» ተብሎ ገብቷል ማለት ነው። ለኮምፒውተሩ ጸ እና ፀ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ፍጹም የተለያዩ ናቸው። አፑ ከመፈለጉ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መቀየር አለበት። «ሀገር» እና «አገር» ግን በዚህ ዘዴ አይገናኙም፤ ሁለቱንም ማስገባት ነው። ስለ ቃላቱ ተራ ግን ብዙ አትጨነቂ፤ የዩኒኮድ ቅደም ተከተል ከሀለሐመ ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ (ሰኞ ገበያ)፦ ጌሙ «ከብዶኛል» (ይጎተታል)፣ ግን በምን አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ ስሎው ሞሽን ባለው ስልክ። በሰከንድ 240 ፍሬም ቅረጽና ፍሬም በፍሬም እየገፋህ እይ። በየ4 ፍሬሙ ሥዕሉ ከተቀየረ ጌሙ በ60 ነው የሚሄደው፤ በየ8 ከሆነ በ30። አንዴ 8 አንዴ 12 ከሆነ «ከበደኝ» ያልከው እውነት ነው። ከዚያ ዋናው ሜኑ ላይ ሴሌክትን ተጫንና የጌም ሲፒዩ ፍጥነቱን ከ222 ወደ 333 ሜጋኸርዝ አድርገህ ድገመው። ለውጥ ከሌለ ጌሙ ፍጥነቱን ራሱ ይወስናል ወይም ችግሩ ሜሞሪ ማንበብ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ ከአዳፕተር ጋር ገዝቼ ፋይሎቼ ይጠፋሉ።

መልስ፦ መጠኑ የውሸት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ሙሉውን ጻፍበትና መልሰህ አስነብበው፤ እውነተኛው መጠን ይወጣል። ሁለት ካርድ የሚይዘው አዳፕተር ከሆነ ዳታውን ለሁለቱ እያፈራረቀ ነው የሚጽፈው፣ አንዱን ብትነቅል ሁለቱም ይጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ባትሪው አብጦ ክዳኑ አልገጥም አለ።

መልስ፦ አውጣው። አትጫነው፣ አትብሳው፣ ቻርጅም አታድርገው። ስትተካ የ1000 ባትሪ ወፍራም ባለ 1800 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፣ የ2000ና የ3000 ቀጭን ባለ 1200፤ ወፍራሙ በ2000ና በ3000 ክዳን አይዘጋም።

ጥያቄ፦ ኦንላይን የሚጫወቱት ከስልክ ሆትስፖት ጋር አይገናኙም።

መልስ፦ ፒኤስፒ የሚያውቀው እስከ ደብሊውፒኤ ድረስ ነው፤ ስልክህ ደብሊውፒኤ2 ላይ ከሆነ አይግባቡም። የጌሙ ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ (ሙጋድ)፦ ለአንድ ጌም ከ10 4 ሰጥቼ ሠሪው ተቀየመኝ። ውጤት ባልሰጥ ይሻላል?

መልስ፦ ይሻላል። 4 ማለት ምን እንደሆነ እሱም አንተም አታውቁትም። «ቁጥጥሩ አይመችም» ያልከውን እንዲህ ብለህ ጻፈው፦ «ስሪት 0.3፣ ፒኤስፒ 1004፣ 6.61 ፕሮ። ዝላይ በክበብ ቁልፍ፣ መተኮስ በካሬ ነው፤ እየዘለሉ ለመተኮስ አውራ ጣት አይደርስም። መተኮሱ ወደ ቀኝ ትከሻ ቁልፍ ቢሄድ ይፈታል።» አሁን የሚቀየምበት ነገር የለም፤ ወይ ያስተካክላል፣ ወይ አይደለም ብሎ ይከራከርሃል። ስሪቱን አትርሳ፤ በሚቀጥለው ሳምንት 0.4 ሲወጣ ግምገማህ ሐሰት ይሆናል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ለዚህ ሥራ ያገለገለ ማሽን ብገዛ ምን ልይ?

መልስ፦ ዲስክ ማንበቢያው የሞተ ማሽን ካገኘህ ዋጋ አስቀንሰህ ውሰድ፤ ሆምብሩ የሚነሳው ከሜሞሪ ስለሆነ ምንም አይጎድልህም። የሞዴል ቁጥሩን እይ፤ የመጨረሻው አሃዝ የተሸጠበትን አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ ለእኛ ለውጥ የለውም። ኢ1000 ከሆነ ዋይፋይ የለውም፣ ስፒከሩም አንድ ነው። አናሎጉን ለቀህ ሜኑው ብቻውን የሚሄድ መሆኑን ተመልከት። የራስህን ሜሞሪ ይዘህ ሂድና አንድ ጌም አስነሳበት፣ አስተኛው፣ ቀስቅሰው፤ ከዚያ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።