ለአንድ ወር ኪራይ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል

እህቴ፣ «የኪራይ እርዳታ ቢሮ ሥራ ጀመርኩ፤ ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል በምን ትቆጣጠራላችሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በኮቪድ ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ካውንቲ ማመልከቻ የማየት ሥራ ላይ ነበርኩ።

መጀመሪያ፣ ሁለቴ የሚከፈለው ሰው ስለሚያጭበረብር ብቻ አይምሰልሽ። የአሜሪካ ኮንግረስ ለኪራይ እርዳታ በዲሴምበር 2020 25 ቢሊዮን ዶላር፣ በማርች 2021 ደግሞ 21.55 ቢሊዮን ሲመድብ፣ ገንዘቡ ለስቴቶችም ከ200,000 በላይ ነዋሪ ላላቸው ካውንቲዎችና ከተሞችም ተሰጠ። ስለዚህ ብዙ ቦታ የሚንኳኳው በር ሁለት ነበር። የኢቪክሽን (ከቤት የማስወጣት) ወረቀት በሯ ላይ የተለጠፈባት እናት ያገኘችውን ፎርም ሁሉ ትሞላለች። አከራዩም በራሱ በኩል ያመለክታል። ቤተ ክርስቲያንም ያዋጣል።

ዋናው ምክሬ፦ በስም ብቻ አትፈልጊ። በተለይ የእኛ ሰው ስም ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት። ገብረሚካኤል አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ይጻፋል። ፀሐይ በእንግሊዝኛ ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንድ ጊዜ ባል በማኅበር በኩል፣ ሚስት በስልኳ ለየብቻ አመለከቱ። አንዱ ሌላው መሙላቱን አያውቅም። ሁለቱም ፋይል አለፈና የሦስት ወር ኪራይ ሁለቴ ተከፈለ። አንዱን ፋይል ያሳለፍኩት እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ የምፈልገው በቤቱና በወሩ ሆነ። የመንገዱን ስም በፖስታ ቤቱ አጻጻፍ አስተካክይ፣ የአፓርታማውን ቁጥር ለብቻው አስገቢ። እያንዳንዱን ወር በራሱ መስመር ጻፊ። «ከጃንዋሪ እስከ ጁን» ብለሽ በአንድ ከጻፍሽ፣ መሃል ላይ የተደረበው ወር አይታይሽም።

ደግሞ ሌጀር፣ ማለትም አከራዩ የኪራይ ዕዳና ክፍያ የሚመዘግብበት ዝርዝር። ሰውየው ሲያመለክት ያያያዘውን አትመኚ፤ ገንዘቡ ሊወጣ ሲል ከአከራዩ አዲስ ጠይቂ። በመሃል ቤተ ክርስቲያን ወይም ስቴቱ ከፍሎ ሊሆን ይችላል። እኔ ብዙውን የያዝኩት እዚህ ላይ ነው። ሴክሽን 8 (የኪራዩን ከፊል የሚከፍል የፌዴራል መንግሥት እርዳታ) ያለው ሰው ከመጣ በራሱ ድርሻ ላይ ያለበትን ውዝፍ ብቻ ተመልከቺ፤ የያኔው ሕግ ፌዴራል መንግሥት የከፈለውን መድገም ይከለክል ነበር።

አንድ አድራሻ ሁለቴ ስላየሽ ግን ማመልከቻውን ወዲያው አትጣዪ። ቤዝመንት (ምድር ቤቱን) የተከራየ ሌላ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ደውይ። «ሌላ ቦታ ማመልከት ጥፋት አይደለም፣ የትኛው ወር እንደተከፈለ ብቻ ልወቅ» በያቸው። ፈርተው የሚደብቁትን ያኔ ይነግሩሻል።

ካመለጠሽ ደግሞ ለአከራዩ ወሮቹን ዘርዝረሽ ገንዘቡን ለቢሮው እንዲመልስ በደብዳቤ ጠይቂው። የባልና ሚስቱን ለማስመለስ ወራት ፈጅቶብናል፣ ወረፋው ላይ ሌሎች ቤተሰቦች እየጠበቁ።