የሸረሪት ድር አውሮፕላን ያዘገያል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው። ክረምት ላይ እኛ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ልብስ አስጥተን ሳለ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለችው እህቴ ደውላ «ዶፍ እየወረደ ነው» ትለኛለች። አሁን የአየር ማረፊያን አየር በራሱ የሚለካ መሣሪያ አለ አሉ። በረዶና መብረቅ በሚፈራረቅበት አገር ሰው የሌለበት መሣሪያ እንዴት ይታመናል? አብራሪውስ ስልኩ ላይ ያለውን ትንበያ አይቶ ቢያርፍ ምን አለበት?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። የስልኩ ትንበያ ሰፊ አካባቢን በስሌት የሚገምት ነው፤ አራብሳንና ቦሌን አንድ ሰፈር አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። አብራሪ የሚፈልገው መንደርደሪያው አጠገብ በዚያች ደቂቃ ያለውን ነው። ነፋስ መለኪያው ከሕንፃና ከዛፍ ርቆ በ10 ሜትር ምሰሶ ላይ ይተከላል፤ ለሚያርፍ አውሮፕላን የሚነገረውም የ2 ደቂቃ አማካይ ነው። (ምሰሶው አውሮፕላን ቢነካው ቶሎ እንዲሰበር ተደርጎ ነው የሚሠራው። «ጠንከር ያለ ብረት ይሁን» ብለው የተከራከሩኝ ግንበኞች ነበሩ።)

እኔ የኖርኩት በመለኪያ ጥገና ነው፤ ከሁሉ የምፈራው የአየር ግፊት መለኪያውን ነው። አብራሪው ከፍታ መለኪያውን የሚያስተካክለው ከምድር በሚነገረው ግፊት ነው። ቁጥሩ በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ቢሳሳት ከፍታው በ8 ሜትር ገደማ ይዛባል፤ በ10 ቢሳሳት ከ80 ሜትር ያልፋል። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በስተሰሜን እንጦጦ ከ3,000 በላይ ቆሟል። በጭጋግ ውስጥ 80 ሜትር ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጥሩ የአየር መለኪያ ጣቢያ ከአንድ በላይ የግፊት ሴንሰር ይይዛል፤ ንባባቸው ካልተስማማ ቁጥሩን አያስተላልፍም። በአቪዬሽን ሪፖርት ላይ ያልተለካው ነገር ቦታው በሰያፍ መስመሮች ይሞላል። እኔ መሣሪያን የማምነው ሲታመም «አሞኛል» ማለት ከቻለ ነው። የሞተ ሴንሰር ይዞ የትናንቱን ቁጥር የሚደግም ጣቢያ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል።

በረዶና መብረቅ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን የመብረቁ መላ የታወቀ ነው፦ መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርድ ደህና መስመርና በየኬብሉ ላይ መከላከያ። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይረከባል፤ ባትሪው ማርጀቱ ግን ቀድሞ ካልተፈተሸ የሚታወቀው መብራቱ በጠፋበት ሌሊት ነው። ብዙ ያስቸገረኝስ ሸረሪት ናት። የእይታ ርቀት መለኪያው ሁለት ክንድ አለው፤ አንዱ ብርሃን ይለቃል፣ ሌላው በጭጋግ ጠብታ ወይም በአቧራ ተበትኖ የሚደርሰውን ብርሃን ይለካል። ብዙ ከተበተነ ጭጋግ ነው ይላል። ዝናቡ ሲያባራ ሸረሪቷ በሁለቱ ክንዶች መካከል ድሯን ታደራለች፣ ብርሃኑ በድሩ ይበተናል፣ በጠራራ ፀሐይም «ጭጋግ» የሚል ሪፖርት ይወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? አውሮፕላንም ያዘገያል። በበጋ ደግሞ ከየግንባታው የሚነሳው አቧራ የደመና ከፍታ መለኪያውን መስታወት ይሸፍነዋል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ በሰዓቱ የሚመጣ ሰው ነው። ጣቢያ ሲገዛ የጥገና በጀት አብሮ ካልተያዘ ገንዘቡ ባክኗል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የደመና መለኪያው ሌዘሩን የሚልከው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፤ ከየረር ተራራ በኩል ጠቁሮ የሚመጣውን ደመና አናቱ ላይ እስኪደርስ አያየውም። እሱን የሚያየው ራዳር ወይም ውጭ ወጥቶ ሰማዩን የሚቃኝ ባለሙያ ነው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ቤቴ ጣሪያ ላይ ትንሽ የአየር መለኪያ ተክያለሁ። ቀን ቀን ሙቀቱን ሁልጊዜ ያበዛዋል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ መሣሪያው ደህና ይመስለኛል፤ የሚለካው የቆርቆሮዎን ሙቀት ነው። ከጣሪያ ያውርዱትና ከግድግዳ ራቅ አድርገው ሣር ላይ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ መከለያ ውስጥ ያስቀምጡት። የዝናብ መለኪያውን ግን መከለያው ውስጥ እንዳይከቱብኝ።