ፈተናውም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ሥራ ስወዳደር ስለ እግሬ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» አለችኝ። 12ኛ ክፍል ናት፤ በክራንች ነው የምትሄደው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቀጥር ኖሬ መልስ አጣሁ።

አንድ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው። በ1995 እዚሁ ሐዋሳ፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፈለገ። ልጁ ፖሊዮ ይዞት ስለነበር በሁለት ክራንች ነው የመጣው። ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። ክራንቾቹን ወንበሩ ሥር አስተኛቸው፤ የአንዱ ጫፍ ጎማው አልቆ በከመነዳሪ ቁራጭ ተጠግኗል። የጠየቅነውን ሁሉ ጥንቅቅ አድርጎ መለሰ፣ እንዲያውም ስለ ፋይል አደራደር እኛኑ አስተማረን።

ሲወጣ አንዱ የኮሚቴ አባል «ጎበዝ ነው፣ ግን ይህን ደረጃ በየቀኑ እንዴት ሊወጣው ነው?» አለ። ሁላችንም ከንፈር መጠጥን። ሁለተኛ የወጣችው ተቀጠረች። እኔም ፈረምኩ። ማታ ወደ ቤት ስወርድ ደረጃው መሃል ላይ ቀጥ አልኩ። ፈተናውም እኮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር! ልጁ ወጥቶት ነው እፊታችን የተቀመጠው። አድራሻው ፋይሉ ውስጥ ነበር። አልፈለግሁትም።

ዛሬ ሕግ አለ። በ2000 የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 ቀጣሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ ብላችሁ ብትከሱም አላደረግሁም ብሎ የሚያስረዳው እሱ ነው። አንብቡት። ስልክ ላይ ስትውሉ ሌላ ሌላውን ታነቡ የለ?

ልጅቷን መጀመሪያ «ንገሪያቸው» አልኳት። ቆይቼ ደግሞ ተጠራጠርኩ፤ ያ ልጅ መናገር መች አስፈለገው፣ ክራንቹ ተናግሮለት አልነበር? እና «ስለ እግርሽ ተይው፣ ስለ ደረጃው አውሪ» አልኳት። «እወጣዋለሁ፣ ግራውንድ ላይ ብሠራ ግን ይፈጥንልኛል» በያቸው።

እናቷ «እኔ አብሬያት ገብቼ አስረዳላታለሁ» ስትል ግን ተናደድኩ። ልጅቷ ባጃጅ እንኳ ብቻዋን ተሳፍራ አታውቅም! ሐዋሳን የሚያህል ሜዳ ከተማ ውስጥ፣ በ17 ዓመቷ። ሒሳብ የምትከፍለው እናት፣ «ወራጅ» የምትለው እናት።

ሰኞ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ አድርጊልኝ ብዬ ብቻዋን ላክኋት። እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ስትመለስ ልጅቷ ተናዳለች፤ ባለባጃጁ 10 ብር መልስ ሊያስቀርባት ሲል ተጨቃጭቃ ተቀብላዋለች።