ምጣዱ ተርፏል፤ ቋንቋውስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሚኒያፖሊስ ነው። በፍራንክሊን ጎዳና ሳልፍ ኖርዌይ ሃውስ የተባለውን የባህል ማዕከል ዘወትር አያለሁ። ከኖርዌይ የመጡት ስደተኞች የልጅ ልጆች ዛሬም ቋንቋውን ይናገራሉን? ካልተናገሩስ ማዕከል ምን ያደርግላቸዋል? የምጠይቀው ለልጆቻችን አማርኛ የምናስተምር ወላጆች ስለሆንን ነው።
ወላጅ፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ አብዛኞቹ አይናገሩም። «ሬስታውራሾን» የተባለችው ትንሽ መርከብ የመጀመሪያዎቹን ስደተኞች ከኖርዌይ ወደብ ከስታቫንገር ይዛ ኒውዮርክ የደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1825 ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትውልድ አልፏል። ይሁን እንጂ ቋንቋውን ያዳከመው ዕድሜ ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ ብዙ ኖርዌጂያውያን የሰፈሩባት የአዮዋ ግዛት ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በስልክ፣ ይባስ ብሎም በቤተ ክርስቲያን እንዳይነገር አዋጅ አውጥተው ነበር።

በዚያችው አዮዋ፣ በዲኮራ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1877 በሉተር ኮሌጅ የተጀመረው ስብስብ አድጎ ዛሬ ቬስተርሃይም የተባለው ሙዚየም ሆኗል፤ ትርጉሙ «የምዕራብ ቤት» ማለት ነው። ሙዚየሙ ዕቃ ከማሳየት አልፎ እንጨት ቀረጻን፣ ሽመናንና «ሮዘማሊንግ» የሚባለውን የአበባና የሐረግ ሥዕል ያስተምራል። ኖርዌጅኛ የማያውቅ ሰው እንኳ ቅድመ አያቱ ሣጥን ላይ የነበረውን ሐረግ በእጁ መሳል ይችላል።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ከድንች የሚዘጋጀው ስስ ቂጣ፣ ለፍሰ፣ ሸንተረር ባለው መዳመጫ ከተዳመጠ በኋላ በረጅም ስስ እንጨት ተነሥቶ ሰፊ ክብ ምጣድ ላይ ይዘረጋል። በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ ብዙ እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚሁ ለለፍሰ የተሠራ ነው፤ ምናልባት እርስዎም ቤት ይኖራል።

ለእናንተ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከኖርዌይ ሃውስ አጠገብ ያለው ሚንደሺርከን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው ይህ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ ሲዞሩ የእሑድ አገልግሎቱን በኖርዌጅኛ አላቋረጠም፤ ለአዋቂዎችም የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። ቋንቋው እዚያ የቆየው በየሳምንቱ የሚፈለግበት ሥራ ስላለው ነው፤ ልጆቻችሁም ከፊደል ገበታው ባሻገር አማርኛ ካልተናገሩ የማይሆንላቸው አንድ ሳምንታዊ ጉዳይ ቢኖራቸው መልካም ነው። አንድ እሑድ ጎራ ቢሉ በኖርዌጅኛ ሲዘመር ይሰማሉ።