ጥያቄና መልስ፦ የተቃቃረ ቀበሌ እንዴት አብሮ ይበላል?

ሰላም ለሁላችሁ። በኅብረት ሥራ ማደራጃ ባለሙያነት ጎጃምን ከደጀን እስከ ዳንግላ ዞሬበታለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ልበል፦ የማኅበሩ ሂሳብ በየወሩ በአባላት ፊት ካልተነበበ ምንም ነገር አትጀምሩ።

የደጀኗ፦ ጋሼ፣ የኛ ቀበሌ ሁለት ጎራ ሆኗል። አንዱ ሌላው ለቅሶ ላይ እንኳ አይደርስም። ከየት ይጀመር?

ጠቡ ከየት እንደመጣ ከማወቅ። በምሥራቅ ጎጃም ብዙው ጠብ ሲቆፈር መሬት ይወጣዋል። በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲደለደል «ቢሮክራሲ» የተባለው፣ ማለትም በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው፣ ከ4 ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ሌላው እስከ 12 ጥማድ ይፈቀድለት ነበር። የተቀነሰው መሬት ለጎረቤት ተሰጠ። የአባቱን ማሳ ሰው ሲያርሰው እያየ ያደገ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ፍርድ ቤት ሲሄድ ግን «የድንበር ክርክር» ተብሎ ይጻፍለታል።

ሽማግሌ ያስታርቃል፤ እሱ ጥሩ ነው። ጥቅም ያላሰረው ዕርቅ ግን ለክረምት እርሻ አይደርስም። ስለዚህ ማንም «የኔ ነው» የማይለውን ነገር ፈልጊ። ለምሳሌ ከከብት ንክኪ የተከለለ ተራራ አላችሁ? ሣሩን በጋራ አሳጭዱና ሽጡ። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም የሁለቱም ወገን ይሆናል። ሂሳቡም ይነበብ።

አዲስ አባል፦ በማኅበረሰቡ ውስጥ አንድነት እንዴት ይምጣ?

እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። የት ቀበሌ? ማንና ማን ተጣላ? በምን?

የመራዊው፦ ቆጋ መስኖ ላይ ነን። የቦዩ ራስ ያሉትና ጫፍ ያሉት ተጣልተዋል። ባለፈው ዱላ ተማዘዙ።

አሁን ጥያቄ መጣ።

ቆጋ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። ውኃው ከግድቡ በዋናው ቦይ ወርዶ በማጠራቀሚያ ኩሬዎች ያድራል። ጠዋት ወደ ማሳ ይለቀቃል። ራስ ያለው ስንዴውን አጠጥቶ ሲያበቃ መዝጊያውን እንደተከፈተ ትቶት ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሌሊት ድንጋይና ላስቲክ ደርድሮ ወደ ራሱ ያዞረዋል። ጠዋት የጫፉ ሰውዬ ሲመጣ ቦዩ ውስጥ ያለው ጭቃ ብቻ ነው። ሽንኩርቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እንግዲህ ይህ ሰው ቢናደድ ይፈረድበታል?

ስለ ፍቅር ብትሰብክላቸው አይሰሙህም። መኪናውን አሳያቸው። አንድ አይሱዙ ለመሙላት የቦዩ ራስም የጫፉም ሽንኩርት ያስፈልጋል። ጭነቱ ግማሽ ከሆነ ደላላው ዋጋ ይሰብራል ወይም ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ቀን ተስማምታችሁ ትከሉ፣ በአንድ ሚዛን መዝኑ፣ በአንድ ላይ ሽጡ። ያኔ የቦዩ ራስ ሰው የጫፉ ሽንኩርት ሲደርቅ የእሱም ዋጋ እንደሚወርድ ይገባዋል። መዝጊያውን ራሱ ሄዶ ይዘጋዋል።

የውኃ አባቱን፣ ማለትም ውኃ የሚያከፋፍለውን ሰው፣ ደግሞ ከጫፍ ምረጡ። ተራውም ከጫፍ ይጀምር። የቦዩ ራስ ሰዎች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ፤ ይሁን። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ራሱን የቻለ አዋጅ አለው፣ 841/2006። መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ ቅጣቱን በብር አስቀምጡ፣ የቅጣቱንም ብር በስብሰባ አንብቡ።

የአዴቱ፦ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላላችሁ፤ የጎጃም ሀብት ጤፍ ነው። የአዴት ጤፍ ደግሞ…

የቢቸናው፦ አዴት? ኧረ ባክህ! ነጭ ጤፍ ከቢቸና ወዲያ!

የአዴቱ፦ የምርምር ማዕከሉ ያለው የት ሆነና ነው?

የደጀኗ፦ ሁለታችሁም እዚህ ደጀን መጥታችሁ እንጀራ ብሉ።

ተዉ እንጂ! ነጋዴው ሦስታችሁንም ቀላቅሎ አዲስ አበባ ላይ «የጎጃም ማኛ» ብሎ ይሸጠዋል። እናንተ እዚህ ተከራከሩ።

የሞጣዋ፦ ሸክላ ሠሪዎችን ወደ ማኅበሩ እናስገባ ስንል ትልልቆቹ «ከነሱ ጋር አንበላም» አሉ።

እንዲህ የሚሉት በእነሱ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በልተው ነው። በአዋጅ 985/2009 የኅብረት ሥራ አባልነት ክፍት ነው። አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው፤ ብዙ ዕጣ የገዛም ሁለት ድምፅ የለውም። ይህን አንብቢላቸው፤ ግን አዋጅ ብቻውን ልብ አይለውጥም። በድግስ አትጀምሩ። ድግስ ላይ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ ይባላል። በጭነት ጀምሩ። ምጣዱና ጤፉ በአንድ መኪና ባሕር ዳር ይውረድ፤ የመኪናውን ኪራይ ተካፈሉ። አብሮ መብላቱ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የሸክላ ሠሪዎቹ ልጆች ካልተሾሙ ግን ለስም ያህል ነው። አንዷን ገንዘብ ያዥ አድርጓት።

የፍኖተ ሰላሙ፦ መሬት የሌለን ወጣቶችስ? አባቶቻችን መሬቱን ይዘው እኛ…

ከአባትህ ጋር አትጣላ። በተከለለው ተራራ ላይ ዘመናዊ ቀፎ ለማስቀመጥ ቀበሌውን በማኅበር ጠይቁ። አዊ ላይ ደግሞ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክለው፣ መጀመሪያ መካከሉ ላይ እህል ዘርተው፣ ከዚያ ሣሩን ሸጠው፣ በአራት አምስት ዓመት ከሰል ያወጣሉ። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ እየጎዳው ነው፤ ሁሉንም እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ አታስገቡ።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ የወቅቱ ሁኔታ እስካለ ድረስ ይህ ሁሉ ምን ዋጋ አለው? መንግሥትስ…

ይህን ሌላ ቦታ።

አዲስ አባል፦ ታዲያ አንድነት በምን ይመጣል?

ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ።

የቡሬው፦ ገንዘቡን ባንክ እስክናስገባ ሣጥን ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ቁልፉን ማን ይያዝ?

ሦስት ቁልፍ፣ ሦስት ሰው። አንዱ ከዚህኛው ወገን፣ አንዱ ከዚያኛው፣ ሦስተኛዋ ሴት ትሁን። ሦስቱም የሥጋ ዘመድ አይሁኑ። ሊቀመንበሩ ቁልፍ አይያዝ።

የሞጣዋ፦ የመጀመሪያው ስብሰባ መቼ ይሻላል?

የገበያ ቀን አይሁን፤ በዓልም አይሁን። አጨዳና ውቂያ ያልቅ። ጥርና የካቲት ጥሩ ነው። መስኖ ያላችሁ ግን የውኃ ተራ የሌለበትን ቀን ፈልጉ። ለዛሬ በቃኝ፤ መብራት ሊሄድ ነው።