መልስ፦ ሰው ፊት መናገር ለሚከብዳት የአንደኛ ዓመት ተማሪ
እህቴ፣ «ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ የክርክር ክበብ ብገባ ውጤቴ ይወርድብኝ ይሆን?» ላልሽው፣ ግቢ። ግን ሌላ ክበብ አትደርቢ፤ ሦስት አራት ቦታ የተመዘገበ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ሲደርስ ከሁሉም ይቀራል።

ብሪቲሽ ፓርላሜንታሪ በሚባለው የክርክር ስልት አራት ቡድኖች ይገጥማሉ፣ በየቡድኑ ሁለት ሰው። ርዕሱ ከተነገረ በኋላ መዘጋጃው 15 ደቂቃ፣ የእያንዳንዱ ተናጋሪ ንግግር 7 ደቂቃ ነው። ጀማሪን የሚጥለው ንግግሩን ቃል በቃል መጻፍ ነው፦ ሰዓቱ ያልቅበታል፣ ሲቆምም ከወረቀቱ ቀና አይልም። አንቺ ሁለት ነጥብ ብቻ ያዢ፤ ከየነጥቡ ሥር ምክንያቱንና አንድ ምሳሌ ጣል አድርጊ። በመጀመሪያው ደቂቃ ማንም በጥያቄ ስለማያቋርጥሽ መግቢያሽን በቃልሽ አጥኚው። ማታ ዶርም ውስጥ 3 ደቂቃ ተናግረሽ በስልክሽ ቅጂና አድምጪው፤ የት ላይ እንደምትቸኩዪ ወዲያው ይሰማሻል። ፈተና ሲደርስ ለክበቡ ሰብሳቢ ቀድመሽ ነግረሽ ቅሪ።