በበጋ የለመለመው የግድቡ ግርጌ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? መምህርት ነኝ። የምንኖረው ለመጠጥ ውሃ ከተሠራ የአፈር ግድብ በታች ነው። ግድቡ 56 ዓመት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ከአባቴ ጋር አናቱ ላይ በእግር እንሄዳለን። ዘንድሮ ዝናብ ካቆመ ወራት አልፈዋል፤ ግርጌው ላይ ግን አንድ ቦታ ሳሩ ለምልሟል። ስረግጠው እግሬ ሰጠመ። ወረድ ብሎ ደግሞ ቀጭን ውሃ ይፈሳል። ጥበቃውን ብጠይቀው «ድሮም እንዲህ ነው» አለኝ። የጎርፍ ማስተንፈሻው ኮንክሪትም ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ ሳር በቅሏል። ተዳፋቱ ላይ ትላልቅ ዛፎች አሉ። ይቆረጡ ሲባል ሰዉ «ግድቡን የያዙት ሥሮቻቸው ናቸው» ብሎ ተቃወመ። አባቴ «የድሮ ሥራ አይፈርስም» ይላሉ። እኔ ግን ክረምት ሲገባ እንዴት እንደምተኛ እንጃ። እውነት የሚያሰጋ ነገር አለ ወይስ እያጋነንኩ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አላጋነንሽም።

አባትሽም ቢሆኑ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ስፔን ውስጥ ሮማውያን የሠሩት የፕሮሰርፒና ግድብ 2,000 ዓመት ሊጠጋው ነው፤ ዛሬም ቆሟል። በአንጻሩ አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የነበረው የቲተን ግድብ አዲስ ነበር። ቁመቱ 93 ሜትር ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1976፣ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ እየሞላ ሳለ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ የደፈረሰ ውሃ ሲወጣ ታየ። 6 ሰዓት ሳይሞላ አናቱ ተደረመሰ። 11 ሰው ሞተ። ስለዚህ ስለ ዕድሜው ብቻ አትጨነቂ። ከዚህ ታሪክ ግን አንድ ቃል ያዢልኝ፤ «የደፈረሰ» የሚለውን።

የአፈር ግድብ ሁሉ ጥቂት ውሃ ያሳልፋል። መሐሉ ላይ ያለው የሸክላ አፈር ውሃውን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። በደንብ በተሠራ ግድብ ውስጥ የሰረገው ውሃ በአሸዋና በጠጠር ማጣሪያ አልፎ ከግርጌው ይወጣል። ጥርት ያለ ከሆነና መጠኑ ካልጨመረ አያስደነግጥም። የሚያስፈራው አፈር ይዞ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ከመውጫው አጠገብ ትንሽ ደቃቅ አፈር ይታጠባል። በተከፈተው ቦታ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ተጨማሪ አፈር ይጠርጋል። ቀዳዳው እንዲህ እያለ ከግርጌ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ይቆፈራል። ሐይቁ ጋ ከደረሰ የሚቀረው የሰዓታት ጊዜ ነው።

ወጣት ቴክኒሻን ሳለሁ በምሠራበት ግድብ አንድ አዛውንት ጥበቃ ነበሩ። ማለዳ ማለዳ ከግርጌው ከሚወጣው ውሃ በብርጭቆ ይቀዱና መስኮት ላይ ያስቀምጡታል። ማታ ብርጭቆውን አንሥተው ከሥሩ ያዩታል። እኛ ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። አንድ ቀን ብርጭቆውን እንደያዙ ቢሮ ገቡ። ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ቡናማ አፈር ተኝቷል። ሮጠን ወረድን። አለቃችን «በሸክላ አፈር ድፈኑት!» አለ፤ ደፈንነው። በማግስቱ ውሃው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ በሌላ ቦታ ፈነዳ፤ ከፊተኛው የባሰ ደፍርሶ።

በኋላ የመጣው ባለሙያ የደፈንነውን አልነካም። አዲሱ ቀዳዳ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ አስደለደለ። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር ማለቱ ነበር። ጎን ለጎን የታችኛው ቫልቭ ተከፍቶ የሐይቁ ውሃ በዝግታ ዝቅ አለ። ግድቡ ተረፈ። ያን የሸክላ አፈር ካቀበሉት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የሰፈር ሰው በቅንነት «እንድፈነው» ቢል፣ እባክሽ አስቁሚያቸው።

አሁን ወደ አንቺ ሳር ልምጣ። ከሚፈሰው ቀጭን ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ቅጂ። ስትቀጂ የታችኛውን ጭቃ አትንኪ። ሳታንቀሳቅሺ እስከ ማታ አቆዪው። በየቀኑ አድርጊው፤ ቀኑንም ጻፊ። እርጥቡ ቦታ እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ ዳር ዳሩን በእንጨት ምልክት አድርጊበት። ጥበቃው «ድሮም እንዲህ ነው» ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ድሮ ስንት ነበር? ግርጌ ላይ የ«ቪ» ቅርጽ የተቆረጠበት ትንሽ የብረት መለኪያ መኖር አለበት። በዚያ ላይ የሚያልፈው ውሃ ይለካና ከሐይቁ ከፍታ ጋር ደብተር ላይ ይጻፋል። ሐይቁ ከአምናው እኩል ሆኖ የሚወጣው ውሃ ከጨመረ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። ግድቡን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሄደሽ ደብተሩን ጠይቂ። በቃል ብቻ አትመለሺ። መምህራን ሆናችሁ በጋራ ብትጠይቁ ደግሞ ይሻላል።

ከሳሩ ይልቅ ይበልጥ ያሳሰበኝ ማስተንፈሻው ነው። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰበት ይሸረሸራል፤ ትርፉን ውሃ በጎን አሳልፎ ከዚህ የሚያድነው ማስተንፈሻው ነው። በስንጥቁ የሚገባው ጎርፍ ከንጣፉ ሥር ይሄዳል፣ አፈሩን ያጥባል፣ ንጣፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። እንግሊዝ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቶድብሩክ ግድብ የገጠመው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2019፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ የማስተንፈሻው የኮንክሪት ንጣፍ ፈረሰ። 1,500 ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ። ሄሊኮፕተር ጠጠር የተሞላ ከረጢት እያመላለሰ ጉድጓዱን ሞላ፤ ሐይቁም በፓምፕ ተቀነሰ። የሞተ ሰው የለም። በኋላ በተደረገው ምርመራ ዲዛይኑ ደካማ እንደነበረ፣ ጥገናውም የተቆራረጠ እንደነበረ ታወቀ። የእናንተው አሁን ደረቅ ነው፤ ለመጠገን ደህና ጊዜ ነው። ሳሩ ከነሥሩ ይነቀል፣ መጋጠሚያው ይደፈን፣ ንጣፉ በመዶሻ እየተመታ ይደመጥ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ አፈር ሄዷል ማለት ነው። ክረምት ከገባ በኋላ ይህን ማድረግ አይቻልም።

ስትሄጂ አንድ ጥያቄ ጨምሪልኝ፤ የታችኛው ቫልቭ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ ነው? የቆየ ቫልቭ ይዝጋል፣ ደለል ይቀብረዋል። አደጋ ሲመጣ ሐይቁን ዝቅ ማድረጊያው ግን እሱ ነው። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ከሥር የነበሩት 5 የብረት ቧንቧዎች ተነቅለው አልተተኩም። ማስተንፈሻው ላይም ዓሣ እንዳያመልጥ ወንፊት ተደርጎበት ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1889 ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ዝቅ የሚያደርጉበት መንገድ አልነበራቸውም። ግድቡ ፈርሶ 2,209 ሰው አለቀ። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል። የዝገት ነገር ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ ይህንን ንገሪው።

ዛፎቹን በተመለከተ ሰዉ ተሳስቷል። ሥር አፈር ይይዛል የሚለው ለተራራ ልክ ነው። ግድብ ላይ ግን ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መሄጃ ቱቦ ይሆናል። ነፋስ ከነቀለው ደግሞ ብዙ አፈር ይዞ ይወድቃል። ጥላውም ልክ አንቺ እንዳየሽው ዓይነት እርጥበት ይደብቃል። ግን ዛሬውኑ በመጥረቢያ ይቆረጥ አላልኩም። ትልቅ ዛፍ ቆርጦ ጉቶውን መተው ያንኑ የሚበሰብስ ሥር ማስቀረት ነው። በመሐንዲስ ቁጥጥር ሥር ጉቶው ወጥቶ፣ ጉድጓዱ ተስማሚ አፈር እየተደረገበት በንብርብር መጠቅጠቅ አለበት። በቦታው አጭር ሳር ይበቃል።

የሁለት ሳምንት የብርጭቆ ውጤት ጻፊልኝ፤ በዚሁ ዓምድ አብረን እናየዋለን። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ፍሰቱ በድንገት ከጨመረ ግን ለእኔ አትጻፊ። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ለጥበቃውና ለመሥሪያ ቤቱ ደውዪ። ስልካቸውን ዛሬ ያዢ። ግድቡ ቢፈርስ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ካርታ እንዳላቸውም ጠይቂያቸው። ከአባትሽ ጋር በምትሄዱበት አንድ ጠዋት ደግሞ በግድቡ ፈንታ ከቤታችሁ ወደ ከፍታው የሚወስደውን መንገድ በእግር ሂዱበት፤ በእሳቸው እርምጃ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እዪው።